እናታችን ፊቷን ለካሜራ የሰጠችበት ቀን

ለምወድሽ እህቴ ለሮሰንዳ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊት እንዴት ናቸው፣ እግራቸው ዳነላቸው? ሆንግ ኮንግ መቀዝቀዝ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ አሳብሽ ያዘኝ፤ እባክሽ ሹራብ ሳትደርቢ አትውጪ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የላንሶኔስ ዛፋችን ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ባለቤቴ ኦንዶ ዛፍ ላይ ነው የሚውለው፤ ለምሳ እንኳ ተለምኖ ነው የሚወርደው።

ባለፈው በስልክ «ፎቶ ስትልኪ እናቴን ለምን ትደብቂኛለሽ? የከፋ ነገር ካለ ንገሪኝ» ብለሽ ያለቀስሽው ከልቤ አልወጣም። እናታችን አጠገቤ ስለነበረች ወሬ ቀየርኩብሽ። እህቴ፣ የደበቅኩሽ ነገር የለም። ያ የነገርኩሽ የፊት ሕመም አፏን ወደ ግራ ከጎተተው ወዲህ ካሜራ ስታይ ፊቷን በፎጣ ትሸፍናለች። በቪዲዮ ማውራት እምቢ ያለችውም ለዚሁ ነው። «ሮሰንዳ የምታውቀውን ፊቴን ይዛ ትኑር» ትላለች።

እኔም ብሆን ፎቶ ማንሳት የት አውቄ! በላክሽልኝ ካሜራ መጀመሪያ ባሕር ዳር ያነሳሁትን አይተሻል፤ ባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል፣ የእነ ኦንዶ ፊት ግን ከሰል ነው። ኦንዶ «ይሄ ቤተሰብ ነው ወይስ የተቃጠለ ጉቶ?» ብሎ ሲስቅብኝ በንዴት ተነሥቼ የሠርግ ፎቶ የምታነሳው ጎረቤታችን እትዬ ቤቢን ዘንድ ሄድኩ። «ፀሐይን ከጀርባቸው ታደርጊና ጠቆሩብኝ ትያለሽ!» ብላ እሷም ሳቀችብኝ። ወደ ፀሐይ ባዞራቸው ደግሞ ሁሉም ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ቀትር ላይ ስሞክር ዓይናቸው ጥቁር ጉድጓድ ሆነ።

እያበላሸሁ ለመድኩት። አሁን ጠዋት ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የማነሳው፤ ካልሆነም ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጣቸውና ፊታቸውን ብርሃኑ ወዳለበት አዞራለሁ። ከሩቅ ቆሜ ሰማይ ከማነሳ እጠጋለሁ። ልጄን አናሊንን ሳነሳ እንበረከካለሁ። አንድ ጊዜ የሙዝ ዛፍ ከኦንዶ አናት ላይ የበቀለ መስሎ ስለወጣ፣ ከኋላ ያለውንም ማየት ተምሬአለሁ። የከበደኝ አፌን መዝጋት ነው፤ «ፈገግ በሉ!» ካልኩ ሁሉም ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ይደርቃሉ።

እናታችንን ግን አልነካኋትም። ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስመላለስ «ቃጭል ያሰሩባት ላም መሰልሽ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ቅዳሜ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ፍሬ ስንለቅም፣ ኦንዶ ከላይ ሊወርድ ሲል ሱሪውን ቅርንጫፍ ያዘውና ተንጠለጠለ። «ኧረ ድረሱልኝ!» ይላል፣ አናሊን «አባዬ የሌሊት ወፍ ሆነ!» ትላለች። እናታችን ፍርስ ብላ ሳቀች። «አንሺው፣ አንሺው፣ ሱሪው ሳይቀደድ!» አለችኝ። እኔ ግን ካሜራውን ወደ እሷ አዞርኩ። እጇ ወደ ፎጣው ሄደ፤ ፎጣው ላይ ፍሬ ተከምሮበታል። ከዚያ ፎጣውን ተወችው፤ እኔም አነሳኋት።

«አሳዪኝ» አለችኝ። «ካልወደድሽው አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ዓይኗን አሻሽታ ደግማ አየችው። «ለካ ጥርሴ አሁንም ሙሉ ነው!» አለች። ከዚያ ተነሥታ ገባች። ተቀየመችኝ ብዬ ስጨነቅ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ወጣችና የተደፋ የፍሬ ቅርጫት ላይ ተቀመጠች። «ያ ለሳቅ ነው። ይሄኛው ለልጄ ነው» ብላ ካሜራውን ፊት ለፊት አየችው። እኔም ተንበርክኬ አነሳኋት።

ሁለቱንም አሳጥቤ በዚሁ ፖስታ ልኬልሻለሁ። አፏ እንደምታውቂው አይደለም፤ አትደንግጪ። ዓይኗን እዪው፤ ያው የእናትሽ ዓይን ነው።

ኦንዶ ሰላም ይልሻል፤ ተንጠልጥሎ ያነሳሁት መስሎት የእሱን ፎቶ እንዳልልክ አስምሎኛል። አናሊን «አክስቴን ሳሚልኝ» ብላለች። እትዬ ቤቢንም እጅ ነስታለች። እናታችን ጉንጭሽን ትስማለች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በቪዲዮ ደውዪ ብላለች፣ «ስልኩን የማነሳው እኔ ራሴ ነኝ» ብላ።

እህትሽ ፌሊሳ
ማምባሃው፣ ካሚጊን ደሴት
ኦክቶበር 21 ቀን 2019