የታሰረው የመልህቅ ጥፍር

ሐሙስ፣ የካቲት 9
ከሰዓት በኋላ፣ ከብየዳ ቤቱ

ስሟን ስጠራ አፌን ለሚጣፍጠኝ ልጄ፤

ዛሬ ሰላምታዬን እንደ ወትሮው ካረዘምኩት ድፍረቴ እዚያው ላይ ያልቅብኛል። ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ነው፤ የአንቺን ደህንነት ጠዋት ማታ ፈጣሪን እጠይቀዋለሁ። አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ያ መልህቅ ያልያዘው በአንቺ ስህተት አይደለም፤ በእኔ ነው። ጥፍሩን በሽቦ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳልፈታው ውሃ ውስጥ የወረወርኩትም እኔ ነኝ። ሽቦውን ቆርጬ የደበቅኩትም እኔው ነኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ጥፋቱን ተሸክመሽ ስትኖሪ እያየሁ ዝም አልኩ።

ይኸው ጻፍኩት። ፊደሌ ከተንጋደደብሽ ድሮም ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ትምህርቴን ታውቂዋለሽ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከመዶሻ ጋር ተጋብቼ ቀረሁ።

«በስልክ ለምን አልነገርከኝም?» ትይኝ ይሆናል። በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ «ተወው አባዬ» ትይኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እተወዋለሁ። ወረቀት ግን ተወው አይልም።

እሁድ ዕለት ደውለሽ ፋብሪካው ከብየዳ አንስቶ ንድፍ ክፍል ሊያስገባሽ እንደጠየቀሽ፣ አንቺም እምቢ እንዳልሽ ስትነግሪኝ «ለምን?» አልኩሽ። «አባዬ፣ እኔ ያሰብኩት ነገር አይይዝም፤ ሌላው የሳለውን መበየድ ይሻለኛል» አልሽኝ። እየሳቅሽ ነው ያልሽው። እኔ ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ያረጀ፣ የተረሳ፣ ሣር የበቀለበት መስሎኝ ነበር። ለካ ዛሬም እጅሽን ይዞ የሚመራሽ እሱ ኖሯል። «እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት ብለውኛል» ማለትሽን ስለያዝኩ ነው እንዲህ የቸኮልኩት። እምቢታሽን ከመድገምሽ በፊት እውነቱን ማወቅ አለብሽ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ላስታውስሽ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት መልህቅ አንድ ዓይነት ነው፤ ወፍራም ፌሮ እንደ መንጠቆ አጥፎ መሃሉን መበየድ፣ ላዩ ላይ ቀለበት፣ አለቀ። ነፋሱ ባንድ በኩል እስከነፈሰ ድረስ ይይዛል። ነፋሱ ዞሮ ጀልባዋን ሲያዞራት ግን ይነቀልና ጭቃው ላይ ይጎተታል። ጀልበኞቹም ለምደውታል፤ እየተሳደቡ አንስተው እንደገና ይጥሉታል። እኔም «መልህቅ ማለት እንዲህ ነው» እል ነበር። «ጥፍሩ ለምን አይዞርም?» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከመሬት ተነስተሽ፣ ኤሌክትሮድ እያቀበልሽኝ።

ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳልሽው። ከላሜራ የተቆረጡ ሁለት ሰፋፊ ጥፍሮች፣ ልክ እንደ በር በማጠፊያ የሚወዛወዙ። መልህቁ በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ በራሳቸው ክብደት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ጀልባዋ በሳበችው ቁጥር ጭቃውን ነክሰው ይብሱን ይገባሉ። እናትሽ ሥዕሉ እንዳይጠፋ ዙሪያውን ብቻ እየጠረገች፣ «ይሄ ቤት ወለል የለውም፤ ወለሉ ወረቀት ሆኗል» ስትል ከረመች።

የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ጭቃ ሞልተሽበት ያገኘችሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ከቆርቆሮ የቆረጥሻትን ትንሿን መልህቅ በክር ትጎትቺ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ቤት ውስጥ ዓሣ ልታጠምጂ ነው?»

«እማዬ፣ ቆይ አንዴ! ይዛለች!»

«እሷስ ይዛለች፤ ራሴን መያዝ ያቃተኝ እኔ ነኝ! የአባትሽን ሸሚዝ በምን ልጠብ?»

ይህን ብላ ስታበቃ እጀታዋን ሰብስባ ክሩን ተቀበለችሽና ራሷ ጎተተች። ሁለታችሁም ጭቃ በጭቃ ሆናችሁ። ጥፍሩ ከልክ በላይ ሲከፈት ጭቃውን እንደ አካፋ ገፍቶ ይወጣል፤ ትንሽ ሲከፈት ደግሞ ላዩ ላይ እንደ ማንኪያ ይንሸራተታል። ጥፍሩ የሚቆምበትን ልክ ያገኘሽው ማቆሚያዋን እየለጠፍሽ፣ እየነቀልሽ፣ መልሰሽ እየለጠፍሽ ነው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ትዕግሥት አልነበረኝም። አንዳንድ ማታ ተኝተሽ ሳለ ሥዕሉ አጠገብ ቆሜ አየው ነበር። ይሄንን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ትልቁን አብረን በየድነው። የሙከራው ቀን ጠዋት በጋሪ ወደ ሐይቁ ስንወስደው ጥፍሩ በየጉድጓዱ ላይ እየተገለበጠ ይንጓጓ ነበር፤ አንዴም ጣቴን ቆነጠጠኝ። አንቺ ሰንሰለቱን ይዘሽ ቀድመሽኛል። ከኪሴ ሽቦ አወጣሁና ጥፍሩን ከዘንጉ ጋር ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ስንደርስ እፈታዋለሁ ብዬ ነው።

ጀልባዋ የዚያ አፉ የማይዘጋ ሰውዬ ነበረች፤ ዝምታ እያሉ የሚቀልዱበት። እንዳየው፣ «ይሄ ደግሞ መልህቅ ነው የበር መዝጊያ?» አለሽ። «ካወቅክበት ከፍተህ ግባ» አልሽው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ በሳቁ መሃል ሽቦው ከልቤ ጠፋ። ጀልባዋ ላይ ሆነን «አባዬ፣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው?» አልሽኝ። «በእኔ ጣዪው» አልኩሽ። አንቺም በእኔ ጣልሽው፤ መልህቁን አንስቼ ውሃው ውስጥ ወረወርኩት።

ነፋሱ ሲነሳ ጀልባዋ እየተጎተተች ሄዳ ከድንጋዩ ጋር ተላተመች፤ ጎኗ ተሰነጠቀ። ሰው አለመጎዳቱ የአምላክ ቸርነት ነው። ገመዱን ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መልህቁ ከውሃው ብቅ ሲል ጥፍሩን እንደታሰረ አየሁት። ጀርባዬን ለሁላችሁም ሰጥቼ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩት። ሽቦዋ ውሃው ውስጥ ስትገባ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ከዚያ ዞር አልኩና «አልያዘም» አልኩ። ቃሉ ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

አንቺ ጥፍሩን ወዲያ ወዲህ አወዛወዝሽው። እንደ ልብ ይዞራል። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማቆሚያውን ያለቦታው አድርጌው ይሆናል» ብለሽ ዝምታን ይቅርታ ጠየቅሽው። እሱም ወዲያው «እመት ተንሸራታች» ብሎ ስም አወጣልሽ፤ ስሙም ገበያ ድረስ ተከተለሽ። የወለሉን ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ ስታጠፊ በሩ ላይ ቆሜ አየሁሽ። በዓመቱ ሄድሽ።

ለምን ዝም አልክ? ብትዪኝ፣ የጀልባዋን ጥገና ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ሐሰት ነው፤ ጎኗን እኔው ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ። ልቤን እንደ አሮጌ ኪስ ስገለብጠው የማገኘው ሌላ ነገር ነው። ሽቦውን የረሳሁት በእውነት ነው፤ ለዚህ ፈጣሪ ምስክሬ ነው። ነገር ግን መልህቁ ሳይዝ ሲቀር፣ ከድንጋጤዬ ሥር አንዲት ቀጭን ደስታ ነበረች። ያ መልህቅ ቢይዝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ ያጣመምኩት መንጠቆ ሁሉ የቁራጭ ብረት ክምር ሊሆን ነው። አባት በልጁ ይቀናል? ይቀናል፣ ልጄ። ይህን መጻፍ ከሽቦው ይልቅ ከበደኝ።

እናትሽ ነፍሷን ይማረውና ነገሩን ሳታውቅ ያወቀች ይመስለኛል። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ «እኔ ይህቺ ልጅ ስትሳሳት ፊቷን አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ያን ቀን የተሳሳተ ሰው ፊት የነበረው እሷ ላይ አይደለም።» እኔም «ውሃ አለ?» ብዬ ተነሳሁ። ውሃው አጠገቤ ነበር። እሷም ዳግመኛ አላነሳችውም። አሁን ልነግራት ብፈልግ የት አገኛታለሁ?

ሰኞ መልህቅሽን እንደገና ልሠራው ላሜራ ቆረጥኩ። ሥዕሉ ከወለሉ ቢጠፋም ከእኔ አልጠፋም። ማቆሚያውን ያኔ አንቺ ባደረግሽበት ቦታ አደረግኩ፤ ፀጉር ታህል አላንቀሳቀስኩትም። ትናንት ዝምታን ለምኜ ወጣን። በጋሪው ላይ ምንም ነገር አላሰርኩም፤ ጣቴን ቢፈልግ ይብላው ብዬ። መጀመሪያ ነፋሱ ከወዲህ ነበር፤ ያዘ። ቆየና ነፋሱ ዞረ፤ ጀልባዋም አብራ ዞረች። ገመዱን በእጄ ይዤዋለሁ። አፍታ ላላ፤ የእኔም ልብ አብሮት ላላ። ከዚያ ከታች አንድ ነገር ጨበጥ ሲያደርገው መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ጀልባዋ ቀጥ አለች። ልጄ፣ ያን ጊዜ አጠገቤ ብትኖሪ!

ዝምታ ጀርባዬን ደለቀኝ። ወደ ዳር ስንመለስም ለሁሉም ጮኸ። «ሽማግሌ ምን ጊዜም ሽማግሌ ነው! የልጅቷን ስህተት አርሞ አመጣው!» ጀልበኞቹም ተሰብስበው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «እግዜር ረድቶኝ ነው» አልኩ።

አየሽልኝ? የፈጣሪን ስም ጨምሬበት ለሁለተኛ ጊዜ ሰረቅኩሽ። ማታ ለጸሎት ተንበርክኬ «በደላችንን ይቅር በለን» ከምትለው በላይ ማለፍ አቃተኝ። እዚያችው ላይ ቆሜ አደርኩ። ዛሬ ሥራ ትቼ ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ይሄ የሥራ ነው። መልህቁ ደጋግሞ ሲጣል መጋጠሚያው ውስጥ ጭቃ ይጠቀጠቅና ጥፍሩ መዞሩን ያዘገያል። ቀዳዳውን ላስፋው ብዬ ነበር፤ ግን ጥፍሩ ይወላገድ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ላጽናናሽ ብዬ የምጠይቅሽ እንዳይመስልሽ፤ እውነቴን ነው፣ መላው ጠፍቶኛል።

ቤቱ ደህና ነው። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። የአንቺን አልጋ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ እንዲያው ብርሃኑ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። ብርድ ልብሱንም አሳጥቤዋለሁ፤ አቧራ ስለያዘ።

ይቅር በይኝ ብዬ አላጣድፍሽም። ብትቆጪ ቁጣሽ የሚገባ ነው፤ ለብዙ ቀን ባትደውዪም እጠብቃለሁ። ንድፍ ክፍሉን በተመለከተ ግን፣ እኔን ለመቅጣት ብለሽ እምቢ እንዳትዪ። የሚያስፈልገው ቅጣት ከሌላ ቦታ ይምጣልኝ።

ፈጣሪ በምትሄጂበት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፤ ስትደክሚ ከኋላሽ ይደግፍሽ። እጅሽ የነካው ይጽና። የእናትሽ ሳቅ ፊትሽ ላይ ይኑር፤ የእኔ ዝምታ ግን ከእኔ ጋር ይቅር።

የሚወድሽ አባትሽ

ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ

ትናንት ፖስታውን ልዘጋ ብዬ እጄ አልዘጋ አለኝ። እውነቱን ለአንቺ ብቻ በታሸገ ወረቀት ነግሬ እዚህ «እጅህ ይባረክ» እየተባልኩ ልኖር ነው? ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዝምታን ብቻውን መረብ ሲጠግን አገኘሁት።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ እስክጨርስ ቃል እንዳትተነፍስ» አልኩት።

«እኔን? በሽታ ልታስይዘኝ ነው?» አለ፤ ግን ዓይኔን አይቶ ዝም አለ።

ነገርኩት። ሽቦውን፣ ፒንሳውን፣ ሁሉንም። መረቡን ከጉልበቱ ላይ አወረደ።

«ሰውዬ፣ ያቺን ልጅ ተንሸራታች ስላት አጠገቤ ቆመህ አልነበር?»

«ነበርኩ።»

«ስቀሃልም መሰለኝ።»

«ፈገግ ብያለሁ።»

«አባት ነህ ደግሞ!» አለ። «ታዲያ አሁን ለእኔ በጆሮዬ ሹክ ብለህ ልትሄድ ነው? እኔ ልጅቷን የሰደብኳት በአደባባይ ነው። የአንተ እውነት በጓዳ ከቀረ እኔ ስድቤን በየት በኩል ልመልሰው?»

ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ጀልበኞቹ ዓሣ የሚመዝኑትም፣ ሞተር የሚፈቱትም ሥራቸውን እየተዉ መጡ። ተገልብጣ የነበረች ጀልባ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ይሄ ተቀምጠው የሚናገሩት ነገር አይደለም ብዬ ተነሳሁ።

«ረቡዕ ዕለት ያመሰገናችሁኝ መልህቅ የልጄ ነው» አልኩ። «እኔ ምንም አላረምኩበትም። ያኔም ትክክል ነበረች። ጥፍሩን አስሬ የጣልኩት እኔ ነኝ፤ ሽቦውን ቆርጬ የደበቅኩትም እኔ ነኝ።»

ከኋላ አንዱ «ምንድን ነው የሚለው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ደገምኩት።