የአባትሽ ድምፅ

ኅዳር 12 ቀን፣ ማክሰኞ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም፤ ይህን ነገር በድምፅ ብነግርሽ እንዴት ታምኚኛለሽ ብዬ ነው። የእጅ ጽሑፌን መቼም ዶሮ የጫረው እያልሽ ስትስቂበት ኖረሻል።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን እሑድ ስትደውዪ፣ ‹‹እማዬ፣ አባዬ ትናንት ደውሎልኝ ብዙ አወራን፤ ድምፁ እንዴት ጠርቷል!›› አልሽኝ። አባትሽ አጠገቤ ነበር። ፊቱ ዐመድ መሰለ። እኔም ሰው መጣብኝ ብዬ ዘጋሁብሽ።

አትደንግጪ ልጄ። አባትሽ ከክረምት ወዲህ አይናገርም። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሞቹ ማንቁርቱን አወጡለት። ከፈተና እስክትወጪ ብለን ደበቅንሽ። መልእክቱ ሁሉ በጽሑፍ የሆነው ለዚህ ነው።

ታዲያ የደወለልሽ ማነው?

የሚሠራበት የመድኃኒት መጋዘን በር ለአባትሽ የሚከፈተው በፊቱ፣ በጣቱና በድምፁ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ሦስቱንም ኮምፒውተር ላይ አንድ ቦታ አጉረውት ኖሮ ሌባ ጠቅልሎ ወሰደው። ያኔ አለቃው ‹‹የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ›› ሲላቸው፣ አባትሽ ‹‹እሺ ጌታዬ፣ ፊቴንስ ወዴት ሄጄ ልቀይረው?›› ብሎ ሁሉን አስቆ ነበር። አሁን በተሰረቀው ድምፅ በማሽን እያስመሰለ የሚደውለው ያ ሌባ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ለእኔም ተደወለ። አባትሽ ፊት ለፊቴ ሸሚዝ ይተኩሳል። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ያው እሱ፣ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ፣ ‹‹እኔ ነኝ፣ ምነው ጠፋሽ?›› ይለኛል። መቅጃውን ተጫንኩና ‹‹እስቲ ሙሉ ስምህን ንገረኝ›› አልኩት። ሳያቅማማ ነገረኝ። ቀጥሎ፣ ‹‹ልጃችን መዳፏን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ አንቺ ብትነግሪያት እሺ ትላለች›› አለ።

አባትሽ ስልኩን ቀማኝና ጆሮው ላይ ለጠፈው። ራሱን እየሰማ ድርቅ ብሎ ቀረ። ሸሚዙ ካውያው ሥር ጨሰ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሄደን ‹‹የተመዘገበውን ሁሉ ሰርዙልን›› አልን። ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ፊቱንና ጣቱን ለማሽኑ ሰጠ። ድምፁ ላይ ስንደርስ ጸሐፊዋ፣ ‹‹ባለቤቱ ስሙን ካልተናገረ አይሰረዝም›› አለች። አባትሽ ሻርፑን ፈቶ አንገቱን አሳያት።

‹‹ይቅርታ አባቴ… ማሽኑ ነው እንጂ እኔ…››

እኔም ስልኬን አወጣሁና ያንን የሌባ ድምፅ ለማሽኑ አሰማሁት። አረንጓዴ መብራት በራ፤ ተቀበለው። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ‹‹እና እስከ ዛሬ ማንን ነው ስናስገባ የኖርነው?›› አለች፣ በሹክሹክታ።

ተሰረዘ። የሌሎቹን ሠራተኞችም ፊት፣ ጣትና ድምፅ ለያይተው፣ እያንዳንዱን በየራሱ ቁልፍ ሊያስቀምጡ ቃል ገቡ። ሌባው እጅ የገባው ግን የፈሰሰ ውኃ ነው።

አደራሽን ልጄ፣ መዳፍሽም እንደ አባትሽ ጣት ቁልፍ ነው፤ እኔም ብሆን፣ ፊቴንም ብታዪ፣ መዳፍሽን የሚጠይቅሽን ዝጊበትና ራስሽ መልሰሽ ደውዪልኝ።

አባትሽ በርትቷል፤ መብላትም ጀምሯል። የተቀዳውን ድምፅ አጥፊው ብሎ ጽፎልኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። ገበያ ሲወጣልኝ በሩን ዘግቼ ስልኩን አንስቼ እሰማዋለሁ። ይህን ለእሱ እንዳትነግሪብኝ።

ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጆሮም ይሰውርሽ። የወጣሽበትን አሳክቶ በደስታ መልሶ ያስገባሽ።

እናትሽ