ፍሬቻን ከመንገድ ለመለሱት ኃላፊ

ለተከበሩ የተሳላሚዎች መንገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጉልበትን ከሌላው አካልዎ አስቀድሜ የጠየቅሁት የጽሕፈት ቤትዎ ዋነኛ ጭንቀት እሱ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው። እኔ ለዕድሜዬ ደህና ነኝ። ሥራዎ ይቅናዎት፣ ወንበርዎ ይመችዎት፣ ደብዳቤዬንም ተቀምጠው እንዲያነቡት እመኛለሁ።

የምጽፍልዎት እዚህ ግባ በማይባል ጉዳይ ነው። በመስኮት ቁጥር ሦስት ላይ በክር የታሰረች አንዲት እስክሪብቶ አለች። መታሰሯን አልቃወምም፤ የሰው ዓመል አይታወቅም። ነገር ግን ክሯ ከማጠሩ የተነሣ መፈረም የፈለገ ሰው ወገቡን አጥፎ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ግንባሩን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ማገናኘት ግድ ይሆንበታል። እኔም ዘንድሮ መቅደሱን ልሳለም ተነሥቼ እስካሁን ደጋግሜ የተሳለምኩት የእርስዎን እስክሪብቶ ብቻ ነው። ክሩ አንድ ክንድ ያህል ቢረዝምልን ምርቃታችን ከእርስዎ አይለይም።

ይኸው ነው ጉዳዬ። እዚህ ላይ ባበቃው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እስክሪብቶዋ ዘንድ ያመላለሰኝን ነገር ሳልነግርዎት ብሰናበት በክር የሚነጫነጭ ሽማግሌ ልመስልዎት ነው። ስለዚህ በአክብሮት፣ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፦ ዘንድሮ ያወጡትን መመሪያ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ዕድሜው ከሰባ በላይ የሆነ ተሳላሚ በእግሩ እንዲሄድ የሚፈቀድለት ጤናማ መሆኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ሲያቀርብና ከአርባ አምስት ዓመት በታች የሆነ «ኃላፊነት የሚሰማው አጃቢ» ሲይዝ ነው ይላል። ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። የሐኪሙን ወረቀት የሚቀበለው ክፍል ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩም ተበላሽቷል። በመሆኑም ዳገት መውጣት መቻላችንን የሚገልጸውን ወረቀት ይዘን አራት ፎቅ በእግራችን ወጣን፤ ወረቀቱን የተቀበለን ወጣት በበኩሉ ምሳ በልቶ ደረጃውን ወጥቶ ስለነበር እስኪተነፍስ ድረስ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ውሃም ሰጠነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ጓደኛዬ ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት መሰላል ላይ ነው። አብሮኝ የሚጓዘው የእህቴ ባል የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ፍሬቻ ይለዋል፤ መሪ ከለቀቀ በኋላም ቢሆን ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ ሳያሳውቅ አይዞርም። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሲሄድ እንኳ ወደ ቀኝ ሊታጠፍ መሆኑን ለእህቴ ያስታውቃታል። እህቴም መንገዱ ክፍት ነው ትለዋለች።

ይህ ሰው የሥራ ዘመኑን ሁሉ ተሳላሚ ሲያመላልስ ኖሯል። እርስዎ እንደሚያውቁት አውቶቡስ የሚደርሰው የእግር መንገዱ አፍ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የአራት ቀን የእግር ጉዞ አለ፤ አልፎ አልፎ በየመንደሩ መኪና ቢገባም ኮረብታው ጋ የሚደርስ የለም። የመንገዱ ልማድ ደግሞ ተጓዡ የመጨረሻው ኮረብታ ላይ ሲደርስ ጓዙን አውርዶ፣ ጉልላቱን በዓይኑ እስኪጠግብ አይቶ፣ ከዚያ መውረድ ነው። ፍሬቻ ስንቱን ሰው ወደዚያ ኮረብታ ሸኝቶ እሱ መኪናውን አዙሮ ተመልሷል። ጡረታ ስወጣ እሄዳለሁ ሲል ኖረ። ጡረታ ሲወጣ እህቴ ታመመች፤ እሷ ስትድን የእሱ ዓይን መድከም ጀመረ። አሁን ቀኙ ጭላንጭል ብቻ ነው የቀረው፤ ሐኪሙ ግራውም ከመጪው ክረምት እንደማያልፍ ነግሮታል። ይህንን ለመስኮት ቁጥር ሦስት ነግሬያለሁ፤ ለሚቀጥለው ዓመት እንድናመለክት በትሕትና ተመከርን። የሚቀጥለው ዓመት ጉልላቱ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፣ ክቡርነትዎ። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛ፦ አጃቢ አልነበራችሁም እንዳይሉን፣ ነበረን። የወንድሜን ልጅ ይዘን ነው የተነሣነው። ልጁ ምስጉን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚሠራው፣ ኃላፊነትም ይሰማዋል። ገና ስንነሣ ቀስ በሉ፣ ጋሼ ድንጋዩን ተጠንቀቁ፣ ውሃ ጠጡ እያለ አጀበን። በማግሥቱ እግሩ ውሃ ቋጠረ። ቦርሳውን እኔ ተሸከምኩለት፣ ፍሬቻ ክንዱን ደግፎ ያዘው። እንዲህ ስልዎት ዓይኑ የደከመው ሰው እግሩ የደከመውን ሰው እየመራ፣ እያንዳንዷን መታጠፊያ እያስታወቀ ነው የሄድነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ከአንድ መንደር እናቱ ዘንድ ስልክ ደውሎ በመኪና አስወሰደችው፤ ሲሳፈር እኛን ብቻችንን በመተዉ አለቀሰ። እኛ አባበልነው። ከረሜላ አጥቼ ነው እንጂ እገዛለት ነበር።

አራተኛውና ከሁሉም ያስደነቀኝ፦ ያን ዕለት ማታ ማረፊያ ቤቱ ስንደርስ ጠባቂዋ አጃቢያችሁ የታለ አለችን። እውነቱን ነገርናት። ሴትዮዋ መልካም ሰው ናት፤ እግራችንን አስታጥባ፣ ሾርባ አጠጥታ፣ ደህና ፍራሽ ላይ አስተኝታ፣ ጠዋት መመሪያው ስለሚያስገድዳት ይቅርታ ጠይቃ ጎመን የጫነ መኪና ላይ አሳፈረችን። አረጋውያንን ከአደጋ ለመጠበቅ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ በእግራችን በሰላም የመጣነውን መንገድ፣ ከኋላ ጎመን ላይ ተቀምጠን፣ በየጉድጓዱ እየዘለልን ተመለስን። ሰፈራችን ስንገባ ፍሬቻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እስቲ ንገረኝ፤ ያ ኮረብታ ከዚያ ማረፊያ ቤት ሩቅ ነበር?»

 ሩቅ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ክቡርነትዎ፣ እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ነው ቢሮዎ ደጅ የምጠናው። መመሪያዎ ፍሬቻን ከመውደቅ እንዳዳነው አልክድም፤ እቤት ቁጭ ያለ ሰው አይወድቅም። ሌላ አጃቢ እንዳንፈልግ፣ የወንድሜ ልጅ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ እናቱ ቤት ተኝቷል፤ የሌላው ዘመዳችን ልጅ ሁሉ ሥራ አለው። ስለዚህ ስለ ርኅራኄዎ፣ ስለ ጥበቃዎ፣ በተለይም ስለ ጎመኑ መኪና ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሰውዬው ግራ ዓይን ክረምቱን እንዲያልፍ በመመሪያ ሊታዘዝ ስለማይችል ልዩ ፈቃድ እንዲሰጡን

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዓረፍተ ነገሩን አቋርጬ ተነሣሁ። በር ተንኳኳ። የቤት ኪራይ ጠያቂ መስሎኝ ትንሽ ዘገየሁ።

የቆሙት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ነጠላ ጫማ በእጃቸው፣ ወፍራም ሶል ያለው የመንገድ ጫማ በእግራቸው፣ ከጀርባቸው የታሰረ ቦርሳ፣ ምርኩዝ። አላውቃቸውም። የሰፈራችንን ዳገት ወጥተው እንኳ አላለከለኩም። ተሳስተው የመጡ መስሎኝ የማንን ቤት እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው የቀለም ቀቢውን ቤት አሉኝ፤ አድራሻዬን ከጽሕፈት ቤትዎ በር ጥበቃ ነው ያገኙት። ገብተው ተቀመጡ፣ ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ከዚያ ማን እንደሆኑ ነገሩኝ።

እርስዎን የወለዱ ናቸው።

ትናንት እራት ላይ እርስዎ «ሁለት ሽማግሌዎች በየቀኑ ቢሮዬ እየመጡ አስቸገሩኝ» ብለው ሲያጫውቷቸውና ሲስቁ ሰምተዋል። የዓይኑን ነገርም ነግረዋቸው ኖሮ እሳቸው ሳይስቁ ቀሩ፤ እርስዎ ግን አላስተዋሉም መሰለኝ። እሳቸውም ቢሆኑ መንገዱን ለመሄድ ሲጠይቁዎት ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እኔ ራሴ በመኪና እወስድሻለሁ እያሉ ያቆዩዋቸዋል፤ መኪና ደግሞ እዚያ አይደርስም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት እንደሰለቻቸው ነገሩኝ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተክለው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ ያለ አጃቢ የሚሄድ የለም ብሏል አይደል? ይምጣና ያጅበኛ።»

ፍሬቻን አስጠርቼዋለሁ። እየመጣ ነው፤ ወደ ግራ እየታጠፈ መሆኑ ከአሁኑ ይሰማኛል። ነገ ሲነጋ እንነሣለን። ስለዚህ ልዩ ፈቃድ የጠየቅኩበትን ዓረፍተ ነገር እንዳልጻፍኩት ይቁጠሩልኝ።

ለክቡርነትዎ ከወገብ በላይ ጎንበስ፣ ከወገብ በታች ቀጥ ብዬ፣ ጤናና ረጅም እርምጃ እየተመኘሁ፣ የእናትዎ ደግ አስተዳደግ በመንገድ ላይ እንዲታይ ተስፋ የማደርግ፣ ምንጊዜም አክባሪዎ፣

ጡረተኛው ቀለም ቀቢ

ማሳሰቢያ፦ እናትዎ እራትዎ ድስት ውስጥ ተከድኖ እንዳለ ንገርልኝ ብለዋል። እርስዎ አርባ አምስት ዓመት የሚሞሉት በመጪው ወር መሆኑንም ስለነገሩኝ፣ በመመሪያዎ መሠረት ለአጃቢነት የሚበቁበት ጊዜ እየተገባደደ ነውና ይፍጠኑ። የማረፊያ ቤቷ ጠባቂ አጃቢያችሁ የታለ ስትለን ከኋላ እየመጣ ነው ልንላት ተስማምተናል። እባክዎ በእናትዎ ፊት ውሸታሞች አያድርጉን።