የጓሮው ጠረጴዛ

ግንቦት 10 ቀን፣ እሑድ፣ አመሻሽ ላይ። ጠዋት ሲያካፋ ቆይቶ ከሰዓት አባርቷል። ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ክፍሌ ውስጥ እኔና አትክልተኛው ብቻ ነን። ሻለቃ እንለዋለን፤ ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ጽጌረዳዎቹን ቆሞ ስለሚቆጣ ነው። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ተቀምጧል።

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ያ ትከሻህ እንዴት ሆነ? የእናታችንን የመቃብር ድንጋይ ከማሳችን ወደ አዲሱ መካነ መቃብር ስትሸከም እንደተጎዳ ከጻፍክልኝ ጀምሮ፣ ብርድ በመጣ ቁጥር እሱን አስባለሁ። አሁንም ስትስቅ የተሰበረውን ጥርስህን በመዳፍህ ትሸፍናለህ? እኔ ደህና ነኝ። 

ያደግንበት ኮረብታ ላይ ሥራ አገኘሁ ብዬ የጻፍኩልህ ጊዜ «ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ እዚያ ምን አለሽ» ብለኸኝ ነበር። አልሰማሁህም። መሬቱ ከተወሰደ ወዲህ አላየኸውምና ልንገርህ። የገብሱ ማሳ፣ ቤታችን፣ ምንጩ፣ አንዳቸውም የሉም። መጀመሪያ ባቡሩ መጣ። ከባቡሩ ጋር ደግሞ ከተማ ውሎ ለማደር ብቻ የሚመጣ ሰው መጣ። ምንጩ ይሸታል ተባለና በቧንቧ ከመሬት በታች ቀበሩት። ዛፍ በቆረጡ ቁጥር መንገዱን በዛፉ ስም ጠሩት፤ ያለሁበት የዝግባ ጎዳና ይባላል፣ ዝግባ ግን ለመድኃኒት አይገኝም። አጥሩ በየዓመቱ ያድጋል። አሁን ከመንገድ ሆነህ ብታይ ጣሪያና ሽቦ ብቻ ነው።

ጠዋት ባቡሩ ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ቀን ሰፈሩ የሠራተኞቹና የውሾቹ ነው። ማታ ከመመለሳቸው በፊት ተመላላሽ ሠራተኛ ሁሉ በታችኛው በር መውጣት አለበት፤ ሲገቡ ሊያዩን አይወዱም። ወለሉ ራሱን የጠረገ፣ ሸሚዙም ራሱን የተኮሰ እንዲመስላቸው ነው። እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁት በመኪና ነው። አንድ ቀን እትዬ፣ የቤቱ እመቤት፣ «ባለነጩ ሞተ አሉ» አለች። ባሏ «የትኛው ነጭ?» አላት። ወሬው በዚያው ቀረ። በቀደም ደግሞ የጎረቤት ወጥ ሠሪ ለምሳ የገዛችው አውራ ዶሮ ከመታረዱ በፊት አንዴ ጮኸ። በማግስቱ የሰፈሩ ማኅበር ስለ ጸጥታ ስብሰባ ጠራ። ዶሮው ተበልቶ አልቋል እኮ! ሻለቃ «እንግዲህ ነፍሱን ሊከሱት ነው» ብሎ አሳቀን።

ዛሬ ይኸው ማኅበር የሰፈሩን የምሥረታ ቀን እኛ ጓሮ አከበረ፤ ሊቀመንበሩ የእትዬ ባል ነዋ። ጓሮው መሀል አራት እግር የተተከለለት ትልቅ የድንጋይ ጠረጴዛ አለ። እሱ ዙሪያ ቆሙና ሰውየው ስለ ሰፈሩ ታሪክ ንግግር አደረገ። እነሱ ሲመጡ እዚህ ድንጋይና እሾህ እንጂ ሰው አልነበረም አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይቺ ምስክር ናት፣ ከዚሁ መሬት የወጣች» አለ። አጨበጨቡ። አንዷ ሲጋራዋን ድንጋዩ ላይ ደፍጥጣ አጠፋች። አንዱ ቀይ ወይኑን ደፋና ተሳሳቁ። እትዬ «ወደ ሥር እየወረደ ነው፣ ጫማ ሳያበላሽ ጥረጊው» አለችኝ።

ተንበርክኬ ከሥሩ ገባሁ። ጨርቁን ሳስኬድ ጣቴ የተቦረቦረ ነገር ዳሰሰ። ስንጥቅ መሰለኝ። ኋላ ግን ጣቴ ራሱ ማንበብ ጀመረ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልደርስ ፊደል የለየሁት ያንን ድንጋይ በጣቴ እየተከተልኩ አይደል? ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የእናታችን ስም አለ። ከስሟ በታች አንተ ያስቀረጽከው ቃል አለ፦ «ደክመሽ ነበር፣ እረፊ።» ወይኑ በጠርዙ ዞሮ በፊደሎቹ መሀል እየሮጠ እጄ ላይ ይንጠባጠባል። ዙሪያዬን ጫማቸው ይታየኛል።

ስንት ጊዜ ሳህን ደርድሬበታለሁ። ስንት ጊዜ ውሻው ወጥቶበት የእግሩን ጭቃ ወልውያለሁ። እየወለወልኩ ማን ላይ እንደቆመ አላውቅም ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ እትዬን ጠየቅኳት። ደስ አላት፤ ከገባሁ ጀምሮ ከሥራ ውጪ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም። መሬቱን ያስረከባቸው ሰውዬ ነው አሉ የተወላቸው። «ለመሠረት ይሆናችኋል አለን» አለችኝ። «እኛ ግን አሳዘነንና ጠረጴዛ አደረግነው። ሰውየው ጨዋ ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፣ ዓይን አፋር ቢጤ።»

 ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ።

አዲሱ መካነ መቃብር ሄጄ ፈልጌ ባጣኋት ጊዜ፣ «አረም ውጦት ነው» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማጭድ ይዤ ሄድኩ። አረሙን ሳጭድ ዋልኩ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ። ድንጋዩ እዚህ ከሆነ እሷ የት ናት? ሻለቃን ጓሮውን ሲቆፍር ያገኘው ነገር እንዳለ ጠየቅኩት። «እኔ የምቆፍረው አንድ ክንድ ነው፣ እቴ፤ ከዚያ በታች ያለውን ሲሚንቶ ደፍነውበታል» አለኝ። 

ሰኞ ጠዋት። ባቡሩ ከወሰዳቸው በኋላ ሻለቃና ሁለት የጎረቤት ዘበኞች ድንጋዩን አነሡልኝና ገለበጥነው። ለብ ባለ ውሃና በብሩሽ አጠብኩት፤ ፊደሎቹ ውስጥ የደረቀውን ጭቃ በስንጥር አወጣሁ። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገን እዚያው እግሮቹ ላይ መለስነው። ማታ ሲገቡ ያንብቡት። ከዚያ ነጭ ወረቀት ዘርግቼበት እርሳሴን አጋድሜ አሸሁት። ስሟ ወጣ፣ ቃሉም ወጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ልብሴን በፌስታል ያዝኩ፣ ቁልፉን ለሻለቃ ሰጠሁ፣ እነሱ በሚገቡበት በላይኛው በር ወጣሁ።

ልጆችህን ያሳድግልህ። ትከሻህን ይማርልህ። ሌሊት የሰላም እንቅልፍ ይስጥህ።

የአንድ እናት ልጅ፣
ታናሽ እህትህ