ጥቁሯ የሠርግ ቀሚሴ

ይድረስ ለወንድሜ ለሩበን፤

እንዴት ሰንብተሃል? ያ የተሰበረው ክንድህ ዳነልህ ወይ? እህል ትቀምሳለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አንተን እንዲህ ብሎ መጠየቅ እንዴት ደስ ይላል! እኛ ደኅና ነን፤ ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህማ ከደኅናም በላይ ነን።

መርከባችሁ ሰጠመች፣ የተረፈም የለም በተባለ ማግስት እማዬ የልብስ መቀቀያውን ድስት ጥዳ ያለንን ልብስ ሁሉ ጥቁር ቀለም ነከረችው። ሲላስን ላገባባት የሰፋኋት ውሃ ሰማያዊ ቀሚሴም አልቀረችላት። "ወንድሟ የሞተባት ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላት ሰማያዊ አትለብስም፤ ሰው ምን ይላል?" አለች። እኔም የመከራከር አቅም አልነበረኝም። ሠርጉም ተራዘመ።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤህ ከቺሌ ደረሰ። እማዬ ማንበብ ባትችልም ፖስታውን ገና ስታየው፣ "የሱ ነው! ይሄ ዶሮ የጫረው የመሰለ ጽሑፍ የሩበን ነው!" ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። ነገሩን ያልሰማችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ፓይበስ በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ኧረ እፈሪ! ልጅሽ በሞተ በሦስት ወሩ ጥርስሽን ታሳያለሽ?" ብላ ተቆጣቻት።

ከዚያ ሠርጉ ይሁን ተባለ። ቀሚሷን ሦስት ጊዜ ባጥባት ውሃው ጠቆረ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። እንዳልዋስ ቁመቴን ታውቀዋለህ፣ የማንም ቀሚስ አይደርስልኝም። የሲላስ እናት ወይዘሮ አግነስ ደግሞ፣ "ጥቁር የለበሰች ሙሽራ ሞት ይዛብኝ ትገባለች፤ አይሆንም!" ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። አንተን አግኝቼ ሲላስን ላጣ ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ትናንት ያቺኑ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ወይዘሮ አግነስ ደጃፉን ዘግተው ቆመዋል። እማዬ ከኋላዬ፣ "አግነስ፣ ባሕሩ ልጄን መለሰልኝ እኮ! ከዚች ቀሚስ ላይ ሞት ወጥቷል!" አለቻቸው። እሳቸው ባላቸውን ባሕር ወስዶባቸው ቀርቷል። ከደጃፉ ፈቀቅ አሉና ከባርኔጣቸው ላይ የሐር ጽጌረዳውን ነቅለው ደረቴ ላይ ሰኩልኝ። እኔ አለቀስኩ፣ ሲላስ ሳቀ፣ ተጋባን።

ላስጠጉህ ደጋግ ሰዎች እጅ ነሥተናል በልልን። ባለቤቴ ሲላስ፣ አማቴ፣ አክስታችን ዶርካስ፣ ወይዘሮ ፓይበስም ሳትቀር ሰላም ብለውሃል። እማዬ ደግሞ የሐዘን ዓይነ ርግቧን ቆራርጣ የድስት ማውጫ አድርጋዋለች። ይህን ስጽፍልህ በሱው ይዛ ድስቱን እያወጣች ታንጎራጉራለች።

እህትህ ኬዚያ
ዊትቢ፣ ጁን 9 ቀን 1867