አትሽሹ ያሉን ሰው

መርሳ፣ እሑድ ሐምሌ 25

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤያችን ምክትል ሊቀመንበር አቶ ደረጀ ተነሥተው ግማሽ ሰዓት ሰበኩን። «ጦርነት መጣ ተብሎ የሚሸሽ ክርስቲያን ጌታውን ክዷል» አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም ሰሞኑን በመፍራቴ አፈርኩ።

ከሰዓት ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ለተጠለሉት ተፈናቃዮች ምእመኑ ያዋጣው ስንዴ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በእሳቸው እጅ። ደጃቸው ላይ አይሱዙ ቆሟል። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የዶሮ ቆጡ ሳይቀር ተጭኗል። ጌታውን ያልካደው ሰውዬ ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል። እዚህ ደብተር ላይ ከእንግዲህ አንቱ አልለውም።

«ወዴት ነው አቶ ደረጀ?»

«ደሴ። ለልጆቹ ብዬ ነው እንጂ እኔስ... በጸሎት አስባችኋለሁ።»

«እንግዲያው የመጋዘኑን ቁልፍ ይስጡኝ።»

«ያለ ጉባኤው ውሳኔ አይሆንም፤ ሥርዓት አለው።»

ሥርዓት! አንድ እግሩ ደሴ ሆኖ! የመኪናውን በር ይዤ አልለቅም አልኩ። ሾፌሩ ሳቀበት። ቁልፉን መሬት ላይ ወርውሮልኝ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው፣ እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው አይቼ አላውቅም አልኩ።

ጎረቤቴ እማሆይ አመተ ማርያም ስንዴውን አብረውኝ ሰፈሩ። እሳቸው መሄጃ የላቸውም፤ ስለ መሸሽ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሁሉም ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ግን፣ «ደረጀንም በሰላም ያግባው፤ ፈርቶ ነው ልጄ» አሉና አሜን እስክል ጠበቁኝ።

አላልኩም። እስካሁንም አላልኩም።