ማን አስተማረሽ?

ነገሌ፣ ማክሰኞ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ግራ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

ባለፈው ሳምንት የጤና ጣቢያችን አዋላጅ፣ «በልጅነትሽ ብትገረዢም ስሜትሽ ሁሉ አልጠፋም፤ ከቆዳው ሥር ገና አለ፤ ባልሽን አሳዪው» ብላኝ ነበር። ዛሬ ወታደሩ ባሌ ከካምፕ ለምሳ መጣ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። አልጋ ላይ እጁን ያዝኩና ቦታውን አሳየሁት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ መላ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ። ሳላስበው ጮህኩ፤ አለቀስኩም። ለካ ይህ ነው!

እሱ ግን ተነስቶ ቆመ።

«ማን አስተማረሽ?»

«አዋላጇ ናት።»

«ውሸታም! የትኛው ወንድ ነው?»

በጥፊ መታኝ። ከዚያ ቀበቶውን አነሳ። ጀርባዬ ሲደማ እንኳ አላቆመም። በመጨረሻ ፀጉሬን ጨብጦ፣ «ምንም አልተሰማኝም በይና ልተውሽ» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሰማኝን ተሰማኝ እያልኩ ኖሬያለሁ። ዛሬ መዋሸት አቃተኝ። «ተሰምቶኛል» አልኩት። ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር አጋጨው።

ጩኸቴን ሰምተው የደረሱልኝ ጎረቤቴ አዴ ሐሊማ ናቸው። በሩን ገፍተው ገቡና «ኧረ በአላህ! ልትገድላት ነው?» ብለው መሃላችን ቆሙ። ደግፈው ወደ ሱቃቸው ጓዳ አመጡኝ። ይህን የምጽፈውም ከሱቃቸው በሰጡኝ ደብተር ላይ ነው።

ደሜን እየጠረጉ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን አድርገሽው ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም እንደ እኔ በልጅነታቸው የተገረዙ፣ ስድስት ልጅ የወለዱ ሴት ናቸው። ደሜን የጠረጉበትን ጨርቅ አስቀመጡ። ከዚያ ተነስተው በሩን ቆለፉና አጠገቤ ተቀመጡ።

«አዋላጇ ቦታው የት ጋ ነው አለችሽ?»